የእንግሊዝኛ ጥምር ቃላትን በቀለም የመክፈልና አጽንዖታቸውን የመለየት መመሪያ

«ዋና» የሚለውን ቃል «ና»ን አላልተን ስናነበው ውኃ ውስጥ መዋኘትን፣ አጥብቀን ስናነበው ደግሞ ከሌላው የሚቀድመውን ነገር እንረዳለን። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ይነግረናል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን በጽሑፍ አያሳይም፤ ሆኖም አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ልዩነቱን ሳያስብበት ያውቀዋል፣ የሚስተውንም ሰው ወዲያው ይለየዋል። በእንግሊዝኛ ውስጥ አጽንዖት የያዘው ቦታ ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል። በጽሑፍ አይታይም፣ የቃሉ አካል ነው፣ ሲዛነፍም ትርጉም ይዛነፋል። ተናጋሪው «ግሪን ሀውስ» ሲል «ግሪን» ላይ ከበረታ በባቱና በሆለታ የአበባ እርሻዎች የምናያቸውን ዕፅዋት ማብቀያ ቤቶች ማለቱ ነው፤ «ሀውስ» ላይ ከበረታ ግን አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አንድ ቤት ማለቱ ነው።

ይህ መመሪያ አንድን የእንግሊዝኛ ጥምር ቃል ወስደን መጋጠሚያውን እንዴት እንደምናገኝ፣ ቀለሞቹን እንዴት እንደምንቆጥርና አጽንዖቱ የት እንደሚያርፍ እንዴት እንደምንለይ ያሳያል። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ መጋጠሚያውን ሳያገኙ መቁጠር፣ ሳይቆጥሩም አጽንዖት መፈለግ ለስሕተት ይዳርጋል።

ከመጀመራችን በፊት፦ ስያሜዎችና ምልክቶች

«ቀለም» የምለው አንድ የድምፅ እምብርት ያለውን፣ በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣውን የቃል ክፍል ነው። የአማርኛ ግጥም የተማረ ሰው ቃሉን ያውቀዋል፤ የወል ቤት ስንኝ በሁለት ሐረግ ስድስት ስድስት ቀለም አለው ስንል የምንቆጥረው ይህንኑ ነው። «አጽንዖት» ደግሞ አንዱ ቀለም ከጎረቤቶቹ ይልቅ ረዘም፣ ጎላና ጠራ ብሎ፣ በቅላጼም ተለይቶ መሰማቱ ነው። «ጥምር ቃል» ማለት ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቃላት ተጋጥመው አንድ ነገር ሲሰይሙ ነው። እኛም «ቡና ቤት»፣ «አየር መንገድ»፣ «ትምህርት ቤት» እንላለን፤ ቡና ቤት የቤት ዓይነት እንጂ የቡና ዓይነት እንዳልሆነ ሁሉ በእንግሊዝኛም አብዛኛውን ጊዜ የነገሩን ዓይነት የሚነግረን የመጨረሻው ቃል ነው።

እንግሊዝኛ ጥምር ቃላቱን በሦስት መንገድ ይጽፋል፤ አንዳንዱን ገጥሞ፣ አንዳንዱን በጭረት አያይዞ፣ አንዳንዱንም ለያይቶ። የአጻጻፉ መንገድ ስለ አጽንዖቱ የሚታመን ምልክት አይሰጥም። ተለያይቶ የተጻፈ ሁሉ ጥምር ቃል አይደለም ብሎ የሚያስብ ተማሪ ከግማሽ በላይ ሥራው ይበላሽበታል።

በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛውን ቃላት በራሳችን ፊደል እጽፋለሁ። ቀለም ከቀለም የምለየው በአጭር ጭረት ሲሆን፣ በሁለት ጭረቶች መካከል ስንትም ፊደል ቢኖር የሚቆጠረው እንደ አንድ ቀለም ነው። ዋናው አጽንዖት ያረፈበትን ቀለም በ●፣ ደጋፊ አጽንዖት ያለውን በ○፣ ደካማውን በ• አመለክታለሁ። ለምሳሌ «ብላክ-ቦርድ» (ጥቁር ሰሌዳ) ●○ ነው።

ደረጃ 1፦ መጋጠሚያውን ማግኘት

ቃሉን ከፊትዎ አድርገው በስተቀኝ ያለውን ክፍል በጣትዎ ይሸፍኑ፤ የቀረው የሚያውቁት ሙሉ ቃል እስኪሆን ድረስም ጣትዎን ያንቀሳቅሱ። ከዚያ የተሸፈነውን ይግለጡና እርሱም ለብቻው ቃል መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለቱም ከሆኑ መጋጠሚያው ተገኝቷል። እዚያ ላይ በእርሳስ መስመር ያስምሩ፤ ከዚህ በኋላ ምንም ድምፅ ያንን መስመር አይሻገርም።

ይህ ቀላል መስመር ብዙ የንባብ ስሕተት ያስቀራል። የመጀመሪያው በመሐል የሚገኘው ድምፅ አልባ «ኢ» ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ ብዙ ቃላት በመጨረሻቸው የማይነበብ «ኢ» ይጻፍባቸዋል፤ ቃሉ ከሌላ ቃል ጋር ሲጋጠም ያ ፊደል ወደ መሐል ይገባና ጀማሪውን ያሳስታል። «ሳምቲንግ» (አንዳች ነገር) የሚለውን «ሶ-ሜ-ቲንግ» ብለው በሦስት ቀለም የሚያነቡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። መጋጠሚያው ከ«ኢ»ው በኋላ መሆኑን ያየ ሰው ግን ፊደሉ የፊተኛው ቃል ጅራት መሆኑን ይረዳና «ሳም-ቲንግ» ብሎ በሁለት ያነበዋል። «ሆም-ወርክ» (የቤት ሥራ) እና «ቤዝ-ቦል»ም እንዲሁ ሁለት ሁለት ቀለም አላቸው፤ «ታይም-ቴ-ብል» (የጊዜ ሰሌዳ) ሦስት ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ያስቸግራል። «ቲ» እና «ኤች» ጎን ለጎን ሲጻፉ አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ የሌለውን፣ ምላስን በጥርስ መካከል አስገብቶ የሚወጣውን ድምፅ ይሰጣሉ። ነገር ግን «ቲ»ው የፊተኛው ቃል መጨረሻ፣ «ኤች»ው የኋለኛው መጀመሪያ ከሆነ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ይይዛሉ። ስለዚህ «ላይት-ሀውስ» (ለመርከብ ብርሃን የሚሰጥ ማማ)፣ «ፖት-ሆል» (የመንገድ ላይ ጉድጓድ)፣ «ስዊት-ሃርት» (ወዳጅ፣ ፍቅረኛ) ሲባል «ት» እና «ህ» ተለያይተው ይሰማሉ። «ኤስ» እና «ኤች» ሲከታተሉ «ሽ» ይሆናሉ፤ «ግራስ-ሆ-ፐር» (ፌንጣ) ውስጥ ግን መስመሩ በመካከላቸው ስለሚያልፍ «ሽ» የለም። «ፒ» እና «ኤች» «ፍ»ን ይሰጣሉ፤ «ሉፕ-ሆል» (በሕግ ውስጥ የሚገኝ ማምለጫ ቀዳዳ) ውስጥ ግን አይሰጡም። እነዚህን ቃላት ለየብቻ መሸምደድ አያስፈልግም፤ መስመሯን ማስመር ብቻ ይበቃል።

መጋጠሚያው ጆሮ የሚለየው ነገር መሆኑን ለማየት «አይስ-ክሪም» የሚለውን «አይ-ስክሪም» (እጮኻለሁ) ከሚለው ጋር ያወዳድሩ። ተከታትለው የሚሰሙት ድምፆች አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው «ስ» ከየትኛው ወገን እንደቆመ ነው። በፊተኛው «ስ» የመጀመሪያውን ቃል ይዘጋል፣ በኋለኛው ሁለተኛውን ይከፍታል፤ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮም ይህንን ይለያል።

ደረጃ 2፦ ቀለሞቹን በጆሮ መቁጠር

የአማርኛ አንባቢ ትልቁ ፈተና እዚህ ነው፣ ምክንያቱም የፊደል ገበታችን እያንዳንዱን ምልክት ከአናባቢ ጋር እንድናስብ አስለምዶናል። «ስትሪት» (መንገድ) ስንጽፍ አራት ፊደል እንጠቀማለን፤ ስንናገረውም ከመጀመሪያዎቹ ሳድሳን ሥር አጭር «እ» እየጨመርን ሁለት ወይም ሦስት ቀለም እናደርገዋለን። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ይህ ቃል አንድ ቀለም ብቻ ነው። «ስፕሪንግ» (ጸደይ) በአምስት ፊደል ይጻፋል፣ ቀለሙ አንድ ነው። «ብላክቦርድ» በስድስት ፊደል ይጻፋል፣ ቀለሙ ሁለት ነው። ስለሆነም ፊደል መቁጠርን ሙሉ በሙሉ ይተዉትና እምብርቶቹን፣ ማለትም የሚሰሙትን አናባቢዎች ብቻ ይቁጠሩ።

ለመቁጠር እጅዎን በአገጭዎ ሥር ያኑሩና ቃሉን በዝግታ ይበሉ፤ አገጭዎ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አንድ ይበሉ። እንደ «ኢ» እና «ኡ» ያሉት አናባቢዎች አገጭን ብዙ ስለማያወርዱ ይህ ዘዴ ለብቻው አይበቃም፤ ስለዚህ በሌላኛው እጅዎ ጠረጴዛውን እየመቱ ያጅቡት። በቃሉ መጀመሪያ ያሉ ተነባቢዎችን ያለ «እ» መደራረብ ካስቸገረዎ ከመጨረሻ ይጀምሩ፤ «ሪት»፣ ቀጥሎ «ትሪት»፣ ቀጥሎ «ስትሪት» ይበሉ፣ በሦስቱም ጊዜ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ብቻ ይምቱ።

በቆጠራው ሁለት ነገሮች ሊያደናግሩ ይችላሉ። አንደኛው አናባቢ ሳይሰማ «ል» ወይም «ን» ራሱ እምብርት የሚሆንበት ጊዜ ነው። «ቴ-ብል» (ጠረጴዛ) ሁለት ቀለም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ቦ-ትል-ኔክ» (ማነቆ) ሦስት፣ «ካን-ድል-ላይት» (የሻማ ብርሃን) እንዲሁ ሦስት ነው። ሁለተኛው የሚጻፉ ግን የሚዋጡ አናባቢዎች ናቸው። «ቢዝ-ነስ-ማን» (ነጋዴ) አራት ቀለም ያለው ይመስላል፣ የሚሰማው ግን ሦስት ነው። «ዌንዝ-ዴይ» (ረቡዕ) ሁለት ነው። ጽሑፉና ጆሮዎ ሲጋጩ ምንጊዜም ጆሮዎን ይመኑ።

ደረጃ 3፦ የእያንዳንዱን ክፍል የራሱን አጽንዖት ማወቅ

አንድ ቀለም ያለው ክፍል ምርጫ የለውም። ሁለትና ከዚያ በላይ ያለው ግን ከመጋጠሙ በፊት የራሱ ጠንካራ ቦታ አለው፤ ሲጋጠምም ያንን ቦታ ይዞ ይመጣል። «ፖ-ሊስ» በእንግሊዝኛ •● ነው፤ እኛ ግን ቃሉን ወደ አማርኛ ስናስገባ ሁለቱን ቀለም አስተካክለን ስለምንናገረው ይህ ልዩነት ይጠፋናል። ስለዚህ «ፖሊስ ስቴሽን» (ፖሊስ ጣቢያ) «ፖ-ሊስ ስቴ-ሽን» •●○• ይሆናል። «በጥምር ቃል አጽንዖት መጀመሪያ ላይ ያርፋል» የሚለው የተለመደ አባባል «በመጀመሪያው ቀለም» ማለት ሳይሆን «በመጀመሪያው ቃል ጠንካራ ቀለም» ማለት ነው። «ኮም-ፒው-ተር ጌም» (የኮምፒውተር ጨዋታ) •●•○፣ «ጊ-ታር ሌ-ሰን» (የጊታር ትምህርት) •●○• የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው። ይህንን ሳይለይ «ፖ» ላይ የሚበረታ ሰው ደንቡን ጠብቆ ይሳሳታል።

ደረጃ 4፦ ከሁለቱ ክፍሎች የሚበልጠውን መምረጥ

ሥራው የሚከብደው እዚህ ነው፤ ጊዜ ሰጥተው ያንብቡት።

መነሻው ደንብ ይህ ነው። ሁለት ቃላት ተጋጥመው አንድ ስም ከሆኑ ዋናው አጽንዖት በፊተኛው ላይ ያርፋል፤ ሁለቱ እንደ ተራ ሐረግ ከቆሙ፣ ማለትም ፊተኛው ኋለኛውን ብቻ ከገለጸ፣ ዋናው አጽንዖት በኋለኛው ላይ ያርፋል። የቋንቋ ሊቃውንቱ ኖአም ቾምስኪና ሞሪስ ሃሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ባሳተሙት የእንግሊዝኛ ድምፅ ጥናት ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ደንቦች ለይተው አስቀምጠዋቸዋል፤ ልዩነቱን ግን ማንኛውም ተናጋሪ ያለ ጥናት በአፉ ይሠራበታል። «ብላክ-ቦርድ» ●○ የክፍል ሰሌዳ ነው፤ አሁን ነጭ ወይም አረንጓዴ ቢሆንም ስሙ አይለወጥም። «ብላክ ቦርድ» ○● ግን ጥቁር የሆነ ማንኛውም ጣውላ ነው። «ዋይት ሀውስ» ●○ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መኖሪያና መሥሪያ ቤት ነው፤ ይህንን ስም በ1901 ይፋዊ ያደረጉት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ናቸው። «ዋይት ሀውስ» ○● ግን የጎረቤትዎ ነጭ ቤት ሊሆን ይችላል።

ለመፈተሽ ይህንን ጥያቄ ይጠይቁ፦ ፊተኛው ቃል የነገሩን ጠባይ ይገልጻል ወይስ ዓይነቱን ይሰይማል? ቀላል መፈተኛም አለው። በመካከላቸው «ሆኖ የሚታይ» የሚል አሳብ ቢገባ ትርጉሙ ካልተናጋ ሐረግ ነው። ጥቁር ሆኖ የሚታይ ጣውላ ያስኬዳል፤ ሰሌዳው ግን ጥቁር ሆኖ ባይታይም «ብላክቦርድ» መባሉን አይተውም።

የመምህርነት ሥራ ለሚያስቡ ሰዎች የሚጠቅም ሌላ ጥንድ አለ። «ኢንግ-ሊሽ ቲ-ቸር» ●•○• የእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ነው፣ ዜግነቱ የትም ይሁን። ያው ሐረግ ○•●• ሲሆን ግን ምንም ያስተምር ምን፣ እንግሊዛዊ የሆነ መምህር ነው። ሥራውን በእንግሊዝኛ ሲያስተዋውቅ «ቲቸር» ላይ የሚበረታ ኢትዮጵያዊ የእንግሊዝኛ መምህር ሳያውቀው እንግሊዛዊ ነኝ እያለ ነው፤ ስለዚህ ይህንን ጥንድ ከሌሎቹ አስቀድሞ ማጥናት ይገባዋል።

በ«ኢንግ» የሚጨርስ ፊተኛ ቃል ሲገጥምዎ ነገሩ ለምን እንደሚያገለግል የሚናገር ከሆነ አጽንዖቱ በፊተኛው ላይ ነው። «ስዊ-ሚንግ ፑል» (መዋኛ ገንዳ) ●•○፣ «ስሊ-ፒንግ ባግ» (የመኝታ ከረጢት) ●•○ ናቸው፤ ገንዳው አይዋኝም፣ ከረጢቱም አይተኛም። ኋለኛው ቃል ድርጊቱን ራሱ የሚፈጽም ከሆነ ግን ሐረግ ነው። «ስሊ-ፒንግ ቻይልድ» (የተኛ ልጅ) ○•● ይሆናል።

ግስና ስምም በዚሁ መንገድ ይለያያሉ። አውሮፕላን ሲነሣ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ግስ ○● ነው፤ መነሣቱ በስም ሲጠራ ●○ ይሆናል። «ቼክ ኢን» አየር ማረፊያ ላይ የምንፈጽመው ድርጊት ሲሆን ○●፣ የምንሰለፍበት ቦታ ስም ሲሆን ●○ ነው። መኪና ሲበላሽ «ብሬክ ዳውን» ○●፣ ብልሽቱ ራሱ ●○። ይህ ወገን በጣም ታማኝ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተለማመዱት በኋላ የማያውቁትን ቃል እንኳ በእርግጠኝነት ይናገሩታል። «ኦቨር» እና «አንደር» ከፊት የገቡባቸው ቃላትም ይቀራረባሉ፤ ግሶቹ «ኦ-ቨር-ከም» (ማሸነፍ) እና «አን-ደር-ስታንድ» (መረዳት) ○•● ሲሆኑ፣ «ኦ-ቨር-ኮት» (ካፖርት) ስም ስለሆነ ●•○ ነው።

አሁን ደንቡን የሚያልፉ ቤተሰቦች አሉ፣ እነርሱንም በቡድን መያዝ ይቀላል። ነገሩ ከምን እንደተሠራ የሚናገር ፊተኛ ቃል ሲኖር አጽንዖቱ ወደ ኋለኛው ይሄዳል። «ጎልድ ሪንግ» (የወርቅ ቀለበት) ○●፣ «ስቶን ዎል» (የድንጋይ ግንብ) ○● ናቸው። «ፔ-ፐር ባግ» ከወረቀት የተሠራ ከረጢት ስለሆነ ○•● ነው፤ «ፔ-ፐር ክሊፕ» ግን ወረቀት የሚይዝ እንጂ ከወረቀት የተሠራ ስላልሆነ ●•○ ይሆናል። ምግብም በአብዛኛው ይህንኑ ይከተላል፣ «አ-ፕል ፓይ» ○•● ነው፤ ነገር ግን በ«ጁስ» እና በ«ኬክ» የሚጨርሱት ወደ መነሻው ደንብ ይመለሳሉ፣ «ኦ-ሬንጅ ጁስ» ●•○ ይባላል። ለዚህ የሚያረካ ምክንያት አልሰጥም፤ ቡድኑን እንዳለ መያዝ ነው።

የመንገድ ስሞች ደግሞ አስገራሚ ወጥነት አላቸው። በ«ስትሪት» የሚጨርስ ስም አጽንዖቱን በፊተኛው ላይ ያደርጋል፤ በ«ሮድ»፣ በ«አቬኑ»፣ በ«ሌን» የሚጨርስ ግን በመጨረሻው ላይ። የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚኖሩበት «ዳው-ኒንግ ስትሪት» ●•○ ሲሆን፣ ዋይት ሀውስ የሚገኝበት «ፔንሲልቬኒያ አቬኑ» ግን ዋናውን አጽንዖት በ«አቬኑ» የመጀመሪያ ቀለም ላይ ይጥላል። ውጭ አገር ለሚኖርና አድራሻውን በስልክ መናገር ለሚኖርበት ሰው ይህ ትንሽ ዕውቀት የሚደጋገም ጥያቄ ያስቀርለታል።

ጥምር ቅጽሎች በሁለት ይከፈላሉ። ፊተኛው ክፍል ቅጽል ወይም ተውሳከ ግስ ሆኖ ኋለኛው የግስ ወይም የስም ርቢ ከሆነ አጽንዖቱ ኋላ ነው፤ «ዌል-ኖን» (የታወቀ) ○●፣ «ኦልድ-ፋ-ሽንድ» (ያረጀ ያፈጀ) ○●•። ስም ከቅጽል ጋር ሲጋጠም ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ፊት ይመጣል፤ «ሆም-ሲክ» (አገሩ የናፈቀው) ●○፣ «ኤር-ታይት» (አየር የማያስገባ) ●○።

ሦስት ቃላት ሲጋጠሙ መጀመሪያ ከሦስቱ የትኞቹ ሁለት እንደሚቀራረቡ ይወስኑ፤ እነርሱን እንደ አንድ ቃል ቆጥረው አጽንዖታቸውን ያግኙ፣ ከዚያ ሦስተኛውን ይጨምሩ። «ክሬዲት ካርድ ነምበር» ማለት የክሬዲት ካርድ ቁጥር ነው እንጂ የካርድ ቁጥር የሆነ ክሬዲት አይደለም። ስለዚህ «ክሬ-ዲት ካርድ» ●•○ ይቀድማል፤ «ነም-በር» ሲጨመር ሙሉው ●•○○• ይሆናል፣ ዋናው ቦታም «ክሬ» ላይ ይጸናል።

ደረጃ 5፦ የቀረውን ማድከም

አጽንዖት ማሳረፍ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሌሎቹን ቀለሞች ማሳጠርና ማደብዘዝ ነው። እኛ ለእያንዳንዱ ቀለም ተቀራራቢ ጊዜ መስጠት ስለለመድን ጠንካራውን የበለጠ ጮክ ብለን እንናገርና ደካማውን እንዳለ እንተወዋለን፤ ሰሚውም ሁለት ጠንካራ ቀለም ይሰማል። ደካማ ቀለም ውስጥ ያለው አናባቢ ብዙውን ጊዜ በ«ኧ» እና በ«እ» መካከል ያለ፣ አፍ ብዙ ሳይከፈት የሚወጣ አጭር ድምፅ ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ቅርብ ስለሆነ ይህ ለእኛ ዕድል ነው።

በጥምር ስም ኋለኛው ክፍል በአብዛኛው ○ ነው፣ ማለትም ዝቅ ይላል እንጂ አናባቢው አይጠፋም። «ብላክ-ቦርድ» ውስጥ «ቦርድ» ሙሉ ይሰማል። ለብዙ ዘመን በአፍ የተመላለሱ ቃላት ግን ኋለኛ ክፍላቸው ተፍቆ • ሆኗል። «ከ-በርድ» (ቁም ሣጥን) በጽሑፍ ያው «ቦርድ» አለበት፣ በአፍ ግን •ን ብቻ ይሰጣል፤ የፊተኛው ቃል «ፒ»ም ጠፍቷል። «ብሬክ-ፈስት» (ቁርስ) በቃል በቃሉ ጾም መፍታት ማለት ነው፤ ዛሬ ግን የሁለቱም ክፍሎች አናባቢ ተለውጦ ●• ሆኖ ይነገራል። «ማን» የሚለው በ«ፖስት-መን» (ፖስተኛ) ውስጥ ደካማ፣ በ«ስኖ-ማን» (የበረዶ ሰው) ውስጥ ሙሉ ነው። «ላንድ» በ«ኢንግ-ለንድ» ውስጥ ደካማ፣ በ«ሆም-ላንድ» (የትውልድ አገር) ውስጥ ሙሉ ነው። አዲስ የተሠራ ጥምር ቃል ሲያጋጥምዎ ○ ይስጡት፤ ጥንታዊና የዕለት ተዕለት ከሆነ • ሊሆን እንደሚችል ይጠርጥሩ።

ለልምምድ አፍዎን ዘግተው ቃሉን በ«ም» ድምፅ ብቻ ያንጎራጉሩት። «ኦ-ሬንጅ ጁስ»ን ሲያንጎራጉሩ ረጅምና ከፍ ያለ፣ አጭር፣ መካከለኛ «ም» መስማት አለብዎ። ሦስቱም እኩል ከሆኑ አፍዎ ቃሉን ገና በአማርኛ ምት እያለው ነው።

ደረጃ 6፦ በዓረፍተ ነገርና በመዝገበ ቃላት ማረጋገጥ

በመጨረሻው ቀለም የሚበረታ ጥምር ቅጽል ሌላ ጠንካራ ቃል ሲከተለው ወደ ፊት ይሸሻል። ለብቻው «ዌል-ኖን» ○● የነበረው «ዌል-ኖን ራይተር» (የታወቀ ጸሐፊ) ሲባል «ዌል» ላይ ይበረታል፣ ሁለት ጠንካራ ቀለሞች ተጎራብተው እንዳይቆሙ ነው። ተናጋሪው ሲያነጻጽርም አጽንዖት ቦታ ይለውጣል፤ «የወርቁን ቀለበት ነው ያልኩህ፣ የብሩን አይደለም» ሲል «ጎልድ» ላይ ይበረታል። ስለዚህ አንድን ቃል ሲፈትሹ ማነጻጸር በሌለበት፣ ተራ በሆነ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ያስገቡት።

መዝገበ ቃላት ሲከፍቱ አነስተኛ ቋሚ ጭረት ይፈልጉ። ከፍ ብላ የተቀመጠችው ዋናውን፣ ዝቅ ብላ የተቀመጠችው ደጋፊውን አጽንዖት ታመለክታለች፤ በአብዛኞቹ የዛሬ መዝገበ ቃላት ሁለቱም የሚቀመጡት ከቀለሙ በፊት ነው። ጭረቷን ከቀለሙ በኋላ እንደሆነች አድርጎ ማንበብ ሁሉንም ያዛባል። በዋናው ቃል ውስጥ የሚታዩት ነጥቦች ግን በመስመር መጨረሻ ላይ ቃሉን ለመቁረጥ የተዘጋጁ ናቸው፤ ከሚሰሙት ቀለሞች ጋር ሁልጊዜ አይስማሙም፣ በጥምር ቃል መጋጠሚያ ላይ ግን ይገናኛሉ። ሁለት መዝገበ ቃላት ከተለያዩም የየትኛው አገር እንደሆኑ ይመልከቱ፤ «ዊክ-ኤንድ» (ቅዳሜና እሑድ) በብሪታንያ ○●፣ በአሜሪካ ●○ ነው፤ «አይስ-ክሪም»ም እንዲሁ ይለያያል።

ሙሉውን አሠራር በአንድ ቃል እንሞክረው። አሜሪካ የገባ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠየቀው «ሶሻል ሴኩሪቲ ነምበር» (የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር) ነው። መጋጠሚያዎቹ ተለያይተው ስለተጻፉ ይታያሉ። ቀለሞቹን በጠረጴዛው ላይ ስንመታ «ሶ-ሻል ሴ-ኪው-ሪ-ቲ ነም-በር» ስምንት ይሆናሉ። የየብቻ አጽንዖታቸው «ሶ»፣ «ኪው» እና «ነም» ላይ ነው። የሚቀራረቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፣ «ሶሻል» የ«ሴኩሪቲ»ን ጠባይ የሚገልጽ ቅጽል ስለሆነም በመካከላቸው ኋለኛው ይበልጣል፣ «ኪው» ያሸንፋል። «ነምበር» ሲጨመር ሁለቱ እንደ አንድ ፊተኛ ስም ስለሚቆሙ ዋናው አጽንዖት እዚያው «ኪው» ላይ ይቀራል። ውጤቱ ○••●••○• ነው። አሁን አፍዎን ዘግተው ያንጎራጉሩት፤ አራተኛው «ም» ከሰባቱ ሁሉ ረዝሞና ጎልቶ ከተሰማ ቃሉን በሙሉ ድምፅ ሦስት ጊዜ ይበሉት፣ ድምፅዎን በስልክዎ ቀድተው ያዳምጡና ●ው የት እንዳረፈ ወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉ።